ነጠላው ደምቆ ፊቱ ሲጠፋ፦ የኪስ ካሜራ አመራረጥ

ባለፈው ስግድ፣ በቤተ እስራኤል በዓል፣ ሃይፋ ካለችው ክርያት ሐይም በሌሊት ተነስተን ኢየሩሳሌም ስንደርስ ረፍዶ ነበር። አርሞን ሀናጺቭ ላይ ቄሶቹ ባለ ዘርፍ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ያለው ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። አብረውኝ የመጡት ጎረቤቴ፣ ጎንደር ተወልደው ያደጉ እናት፣ አዲሱን ነጠላቸውን ተከናንበው ቆሙልኝና አነሳኋቸው። ስክሪኑን ሳሳያቸው ለአፍታ ዝም ብለው አዩና፣ «ነጠላው አምሯል፤ ፊቴስ የታለ ልጄ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የነጠላው ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ በነጠላው መሃል ያለው ፊት ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኗል። ዓይናቸው አይታይም፣ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳትማ ጭራሽ የለም።

ሰፈር ውስጥ ፎቶ እንደምወድ ስለሚታወቅ በዓል ሲቃረብ «ለሽርሽርም ለበዓልም የምትሆን ትንሽ ካሜራ የትኛዋን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ሜጋፒክስል ላይ ያርፋል፦ «ይቺ 20 ናት፣ ያቺ 48 ናት።» እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ከጎረቤቴ ፎቶ ነው። ለእኛ ፊት፣ ለእኛ ልብስና ለእኛ በዓል የምትሆን ካሜራ የምትለየው እዚያች ፎቶ ላይ በታየው ነገር ነውና።

ካሜራ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። ውስጡ ያለው የብርሃን መለኪያ የተሠራው ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ነው፤ የዘልማዱ ልክ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ የሚመልስ ግራጫ ነው። ሣር፣ መንገድ፣ ግንብና ሰማይ በተቀላቀሉበት ሥፍራ ግምቱ ብዙም አያሳፍርም። ነጭ ጥጥ ግን ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጫል። የፎቶው ሁለት ሦስተኛ ነጠላና ቀሚስ ሲሆን መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይደመድምና ሁሉንም እኩል ያጨልማል። ነጠላው ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ከመጀመሪያውም ጥቂት ብርሃን ብቻ የሚመልሰው ጠይም ፊት ደግሞ ከሚታይበት ልክ በታች ይሰምጣል። የዛሬ ካሜራዎች ፊት ፈልገው ስለሚያገኙ ስህተቱ ቀንሷል፤ ጠንከር ያለ ፀሐይ ሲመጣ ግን አሁንም ይሳሳታሉ።

መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት። ወደ መደመር አንድ ሁለት እርከን ስትገፏት ካሜራው ከገመተው በላይ ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ካሜራ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይህች ቁልፍ አውራ ጣቴ ሥር መኖሯን ነው። አንዳንዱ ካሜራ ላይ ሦስት ገጽ ሜኑ ካልተገለበጠ አትገኝም፤ በዓል ላይ ደግሞ ሜኑ እየገለበጠ የሚጠብቅ የለም፤ እልልታው ያልፋል።

ቁልፏ ግን ብቻዋን አትበቃም። ፀሐይ ላይ ፊቱን አበራለሁ ስትሉ ነጠላው ይነድና ጥለቱ የሌለበት ባዶ ነጭ ይሆናል። ጎረቤቴን ይዤ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ገባሁ። እዚያ ብርሃኑ ከሰማይ ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ ከነጠላው በታች ድርቅ ያለ ጥላ አይጥልም። በስግድ ሰሞን የኢየሩሳሌም ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትወጣ፣ ፊትን ወደ ክፍቱ ሰማይ ማዞር ብቻውን ብዙ ይረዳል። ቁልፏን አንድ እርከን ገፋሁና ደግሜ አነሳኋቸው። ንቅሳቱ ወጣ።

ይህ የፊት ነገር የካሜራ ብቻ ጥፋት አልነበረም፤ ሥሩ ከፊልም ዘመን ይጀምራል። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። በባለሙያዎቹ ዘንድ ካርዱ «ሸርሊ» ይባል ነበር። አጣቢው ማሽኑን የሚያስተካክለው የእሷ ቆዳ ደምቆ እስኪታይ ድረስ ነው። የጥቁር ሰው ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ሲወጣ ዓመታት አለፉ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደምታስረዳው፣ ኩባንያው ቡናማ ቀለምን በደንብ የሚለይ ፊልም ወደ መሥራት ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። የቸኮሌት ቀለም ያሳሰበውን ያህል የእናቶቻችን ፊት አላሳሰበውም ማለት ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ጉግል በስልኮቹ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳን በልኩ ለማሳየት የታሰበ ማስተካከያ ያስተዋወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንግባ፤ ብርሃኑን የሚይዘው የካሜራው ክፍል እሱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ሳፋና ሲኒ ብታስቀምጡ፣ በአንድ ደቂቃ ሳፋው የሚይዘውና ሲኒው የሚይዘው አይተካከልም። ብርሃንም እንደ ዝናብ ጠብታ በቅንጣት በቅንጣት ነው የሚወርደው፤ ቅንጣቷ ፎቶን ትባላለች። ጠብታው አንዴ በዛ አንዴ አነሰ እያለ ስለሚወርድ የተያዘው ብርሃን ባነሰ ቁጥር መዛነፉ ጎልቶ ይታያል። አንድ ፒክስል 10,000 ፎቶን ከያዘ መዛነፉ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ነው። 100 ፎቶን ብቻ ከያዘ መዛነፉ 10 ይሆናል፤ 10 በመቶ ማለት ነው። ማታ ቤት ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ ጠይም ጉንጭ ላይ ጤፍ የተበተነ የሚመስለው ነገር ይህ ነው። ጥቁሩ ክፍል ፎቶን የሚያንሰው ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው ፊታችን ነው።

ርካሽ የኪስ ካሜራዎች የሚይዙት ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ባለ 1 ኢንች የሚባለው 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ። («1 ኢንች» የሚለው ስም የመጣው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ ውጫዊ ስፋት ነው፤ ሴንሰሩ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሻጭ «ኢንች ሙሉ» ቢላችሁ አትመኑት።) የጥሩ ስልኮች ዋና ካሜራ ሴንሰር ደግሞ ዛሬ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ደርሷል። እንግዲህ ባለ 28ቱን ካሜራ መግዛት ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ ያነሰ ዓይን በገንዘብ መሸመት ነው። ገበያውም ይህን አውቆ ሸሽቷል፦ የጃፓን ካሜራ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2010 ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ወደ ገበያ ልከው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

ሜጋፒክስሉስ? 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነች የአልበም ፎቶ ጥርት ብላ ለመታተም የሚያስፈልጋት 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው፤ ኤ4 ወረቀት እንኳ ከ9 አይበልጥም። 12 ካላችሁ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይበቃችኋል።

ከሴንሰሩ ቀጥሎ የሌንሱ ቀዳዳ ይመጣል። ሌንሱ ዙሪያ ላይ የተጻፈችው ቁጥር፣ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 4.9፣ ባነሰች ቁጥር ቀዳዳው ሰፊ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ይህን የምታዩት ሠርግ ላይ ነው። እስክስታ ሲደምቅ ትከሻው የሚነቃነቅበትን ፍጥነት ለማስቆም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ወደ 1/250 ሰከንድ ማጠር አለበት፤ በ1/60 ካነሳችሁት ትከሻው ጭስ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ብርሃን ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ፀሐይ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ካሜራ እዚያ ሲደርስ ወይ ፍላሽ ይተኩሳል ወይ ያደበዝዛል። ፍላሹም ግንባር ላይ ነጭ ብልጭታ ጥሎ ከኋላ ያለውን ዘመድ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይከተዋል፤ እኔ አልወደውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ዙም ባለው ሌንስ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሁለት መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው የሶኒ አርኤክስ100፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባለ 1 ኢንች ሴንሰርን ኪስ ውስጥ ያስገባው ካሜራ፣ ዙሙ ሳይሳብ ኤፍ 1.8 ነው፤ ዙሙን እስከ መጨረሻ ስትስቡት ወደ ኤፍ 4.9 ይጠባል። የካነን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ግን በዙሙ ጫፍ ላይም ኤፍ 2.8 ነው። በአዳራሽ ጥግ ቆሞ ሙሽሮቹን ለሚያነሳ ሰው ያቺ ሁለተኛ ቁጥር ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች።

በረዥም ዙም ላይ ግን ልቤ አይሄድም። ከክርያት ሐይም ባሕር ዳርቻ ሆነን የወደቡን ክሬኖች በ30 እጥፍ ዙም ስናቀርብ ስክሪኑ ላይ ያምራሉ፤ ቤት መጥተን ስናሰፋው የተቀባ ሥዕል ይመስላል። ምክንያቱ ጠባቡ ቀዳዳ ብርሃን መቀነሱ ብቻ አይደለም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንደ ሞገድ ይበተናል፤ አንድ ነጥብ ነጥብ ሆኖ አይቀርም። በኤፍ 6.4 ያ ነጥብ 8 ወይም 9 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። 20 ሜጋፒክስል በ28 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ሲታጨቅ አንዱ ፒክስል 1.2 ማይክሮ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዷ ነጥብ ሰባት ፒክስል ወርድ ላይ ትፈሳለች። ሜጋፒክስሉ የተከፈለበት እንጂ የሚሠራ አይደለም።

ክርያት ሐይምን ካነሳሁ ስለ አሸዋው ልናገር። በሐምሌ ፀሐይ የምትገባው በክፍቱ ባሕር ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትጠጋና ከካርሜል ተራራ ጀርባ ትሰወራለች። የሐምሌዋን ጀንበር ለማንሳት ሰንበት ማታ ልጆቼን ይዤ ወርጄ፣ ካሜራዬን ፎጣ ላይ አስቀመጥኳት። ነፋሱ አሸዋ አምጥቶ የሚወጣና የሚገባው የሌንስ ቱቦ ውስጥ ከተተ። ስከፍታት ቂጭ፣ ቂጭ አለችና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ዳግመኛም አልሠራችም። የኪስ ካሜራ ድካሟ እዚያ ቱቦ ላይ ነው። አሸዋ ላይ ስትሆኑ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሏት፤ ካልሆነም የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አኑሯት። ቤት ስትገቡ የጨው ትነቱን በረጠበ ጨርቅ አብሱላት።

ከልጆች ጋር ውኃ ውስጥ ለሚውል ሰው ሌላ ዓይነት ካሜራ አለ። የኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 ሌንሱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ 15 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውኃ አይገባበትም። ሴንሰሩ ያ ትንሹ ስለሆነ ለአዳራሽ አይሆንም፤ ለባሕር ግን ሌላ አልመክርም። የቀረው ሰው ባለ 1 ኢንች ይያዝ፤ አዲሱ ከተወደደበት ደህና የተያዘ አሮጌ ይፈልግ።

ሱቅ ስትሄዱ ነጠላ ያዙ። የምታምኑትን ሰው አስከናንባችሁ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ፍላሹን አጥፍታችሁ አንሱት፤ ከዚያ የመደመሯን ቁልፍ በአውራ ጣታችሁ ብቻ ፈልጉና አንድ እርከን ገፍታችሁ ድገሙት። ስክሪኑ ላይ ፊቱን አስፉት፤ ጉንጩ ላይ ጤፉ ይታያል ወይስ ቆዳው? ጥለቱስ አለ? እኔ አዲሷን ካሜራ ስገዛ ጎረቤቴን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ሦስት ካሜራ አስቀይረውኝ በአራተኛዋ ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ይቺን» አሉ።