መቶኛው የት ጎጥ ነው?

ውጫሌ ላይ የአምባሰል ወረዳ ምክር ቤት ለጉባኤ ሲጠራን መጀመሪያ የሚታደለን የሪፖርት ጥራዝ ነው። ገጹ በመቶኛ የተሞላ ነው፤ ከዕቅዱ ይህን ያህሉ ተከናወነ፣ ሽፋኑ እዚህ ደረሰ። ከጉባኤው በፊት ባሉት ቀናት ቀበሌ ለቀበሌ ስዞር ግን መቶኛ ከማንም አፍ አልሰማም። ሰው የሚነግረኝ የጎጡን ስም፣ ውሃ መስጠት ያቆመውን ፓምፕ፣ ከሴፍቲኔት ዝርዝር የተሰረዘውን ጎረቤቱን ነው። የምክር ቤት አባል ዋና ሥራ ሪፖርቱን ወደዚያ ጎጥ ማውረድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውሃን እንውሰድ። እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ መሠረት የገጠር ነዋሪ ንጹህ ውሃ አገኘ ይባል የነበረው ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ በቀን 25 ሊትር ሲደርሰው ነበር። ሽፋኑ ሲሰላ ግን የተሠራው ፓምፕ ወይም ቦኖ ይቆጠርና ያገለግለዋል በተባለው ሰው ቁጥር ይባዛል። መለዋወጫ አጥቶ የቆመ ፓምፕ ከዚህ ቆጠራ ቶሎ አይወጣም። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ ወረቀቱ ላይ ተጠቃሚ ናቸው። ይህ ሁልጊዜ ማታለል አይደለም፤ አቆጣጠሩ ራሱ የሚያመጣው ነው። ስለዚህ «ሽፋኑ ስንት ደረሰ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። «ዛሬ ውሃ የማይሰጡት የትኞቹ ናቸው? በየትኛው ጎጥ? ከመቼ ጀምሮ?» እላለሁ፤ መልሱም ከነቀነ ገደቡ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አሳስባለሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ንግግሬን የምጀምረው ያንን ቃለ ጉባኤ ገልጬ ነው። «ጉባኤውን የጎጥ ስብሰባ አደረግኸው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ባይወዱትም እውነታቸውን ነው።

ወረዳችን ደግሞ አማካይ ቁጥር የሚገልጸው አይደለም። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም፣ መስከረም 21 ምዕመን የሚጎርፍበት ግሸንም እዚሁ አምባሰል ውስጥ ናቸው። አስፋልቱ ዳር ያለውንና ከግሸን አምባ ሥር ያለውን ነዋሪ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስለ አንዳቸውም ምንም አይነግርም።

የበጀት ክርክራችን ሰው እንደሚገምተው የጋለ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች የድጎማ በጀት ከክልል እየተቀበሉ ራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ ነገር ግን ትልቁ ድርሻ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ባለሙያው ደመወዝ ነው። የምንከራከረው በተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ላይ ነው።

ከበጀቱ ይልቅ ጊዜዬን የሚወስደው የሴፍቲኔት ዝርዝር ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ቀበሌው ኮታ ይሰጠዋል፤ አቅም ያለው በማኅበረሰብ ሥራ እየተሳተፈ፣ አዛውንትና አቅመ ደካማው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። ከኮታው በላይ ችግረኛ ባለበት ቀበሌ እያንዳንዱ ስም ጠብ ነው። በአንድ ስብሰባ፣ የሼኹ ዱዓና የቄሱ ምርቃት እንዳበቃ፣ አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ ከዝርዝሩ አወጡኝ።»

«እማማ፣ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አቤት አላሉም?»

«አቤት የምለው ለሰረዘኝ ሰው እኮ ነው!»

ስም ማስገባት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ አስገባለሁ የሚል ተመራጭ ካለም አትመኑት። ማድረግ የምችለው ዝርዝሩ በአደባባይ እንዲነበብ መጠየቅ ነው፤ የፕሮግራሙ መመሪያም ስሞቹ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ያዛል። ጎረቤት ፊት ሲነበብ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን ልጁ ከዓረብ አገር ገንዘብ እንደሚልክለት ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሙግት ከማንኛውም የምክር ቤት ክርክር ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እኔንስ ማን ይጠይቀኛል የሚል አንባቢ ይኖራል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። የተመረጥኩት በሚያዝያ 2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ነው። ያኔ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ስለነበር ፉክክር ነበር ማለት ይከብዳል። የሥራ ዘመናችን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013 ሕዝቡ ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ሲሰጥም የወረዳና የቀበሌ ምርጫ አልነበረም። ከዚያ ጦርነቱ ወረዳችን ድረስ መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት የተነሳ መራጩን በአካል ማግኘት ራሱ ከባድ ሆኗል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው እንዲያነሳ መብት ይሰጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሲሠራበት አላየሁም።

የቆመ ፓምፕ የሚቆጥር ሪፖርት ይታረም የምል ሰው ዘመኑ ያለፈ ወንበሬንም ማንሳት አለብኝ። ሰላም ወርዶ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ይካሄድ፤ የቆምነውን ከቆጠራው አውጡን።