የሐኪም ወረቀትና የጠበቃ ክርክር

በኦቶሞቢል ተገጭቶ ወይም በሥራ ላይ ሳለ ከፎቅ ወድቆ አካሉ የተጎዳ ሰው ሁለት ረዳቶች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ቁስሉን የሚያክምለት ሐኪም፥ ሁለተኛውም ካሣውን የሚጠይቅለት ጠበቃ ነው። እነዚህ ሁለት አዋቂዎች ስለ አንድ ሰው የሚደክሙ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው የምትመላለሰው አንዲት ወረቀት ናት። የተጎጂው ቤተ ሰብ እንጀራም በዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

ሐኪሙ እንደ ሙያው «የቀኝ እግሩ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ታክሞ ድኗል» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ አጥንቱ ገጥሟልና። ነገር ግን ሰውየው በሸክም የሚያድር እንደ ሆነ፥ ጉልበቱም እንደ ቀድሞው እንደማይታጠፍለት በወረቀቱ ካልተገለጸ፥ ዳኛው «ድኗል» የምትለዋን ቃል ይዞ ሊፈርድ ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል እንዲሆን ይላል፤ በቁጥር 2092 ደግሞ ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሣ እንዲከፈልበት ያዛል። ስለዚህ የጠበቃው ዋና ጥያቄ ካለፈው ስብራት ይልቅ ስለሚመጣው ዘመን ነው። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆን? ስንት ወር ከሥራ ይቀራል? ጉድለቱስ ዘላቂ ነውን? ከአደጋው በፊት የነበረ ሕመም አለበትን? ይህን የመጨረሻውን ጠበቆች መጠየቅ አይወዱም፤ ሆኖም ተከራካሪው ወገን በችሎት አውጥቶ ከሚያሳፍራቸው አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላቸዋል።

ጥያቄው ተለይቶ በጽሑፍ ቢቀርብለት ሐኪሙ ለያንዳንዱ መልስ ለመስጠት ይቀለዋል። «ለደንበኛዬ የሚረዳ ወረቀት ይጻፉልኝ» ብሎ መለመን ግን ሐኪሙን ከምስክርነት አውጥቶ ወገንተኛ ያስመስለዋል፤ እንዲህ ያለውም ወረቀት በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ብዙ አይቆምም።

የሕመምተኛም ምሥጢር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሙያ ምሥጢር የሚያወጣውን ሰው ይቀጣልና፥ ሐኪሙ «ጠበቃው ነኝ» ላለው ሁሉ መዝገቡን ባይገልጥ ሊወቀስ አይገባውም። ተጎጂው መፍቀዱን የሚገልጽ የፈረመበት ጽሑፍ ጠበቃው ይዞ ቢሄድ ነገሩ ያለ ቅያሜ ያልቃል።

የቤት እመቤትም በዚህ ነገር ድርሻ አላት። የመድኃኒት ማዘዣውን፥ የተከፈለበትን ደረሰኝና የራጅውን ፎቶግራፍ በአንድ ሣጥን ብታስቀምጥ፥ ባሏ ማታ ማታ ሕመሙ የሚጸናበትንም ጊዜ ቀኑን እየጻፈች ብትይዝ፥ ለሐኪሙም ለጠበቃውም ታላቅ እርዳታ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ በመደበኛው የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ በዚህም ጊዜ ውስጥ ያከመው ሐኪም ወደ ሌላ ጠቅላይ ሆስፒታል ይዛወር ወይም ለትምህርት ባሕር ማዶ ይሻገር ይሆናል። የመጀመሪያው ወረቀት ተጎጂው ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ቢጠየቅ፥ ሁለተኛውም ቁስሉ ከሻረ በኋላ ከዚያው ሐኪም ቢጻፍ መልካም ነው።