ለሠራተኛው ግዴታ፣ ለእንግዳው ምርጫ

በደቡብ ለንደን ቱቲንግ የሚገኘው ግራናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በሲኒማ ቤትነት ተከፍቶ ከ1976 ወዲህ የቢንጎ ማጫወቻ የሆነ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በብሪታንያ እንዲህ ከሲኒማነት ወደ ቢንጎ የተቀየሩ አዳራሾች ብዙ ናቸው። ደረጃ ይበዛባቸዋል፤ ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቁጥር እየተጠራ ሳለም ሻይና ቢራ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይመላለሳል። ከእነዚህ በአንዱ ወለል ላይ ሻይ ፈሰሰ እንበል። አስተናጋጇን አዳልጧት እጇ ቢሰበር መተማመኛ አላት፤ የ1969ኙ ሕግ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ የመድን ሽፋን እንዲኖራቸው፣ የምስክር ወረቀቱንም ሠራተኛው እንዲያየው ያስገድዳል። በዚያው ሻይ ላይ አንዲት የሰባ ዓመት ተጫዋች ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ግን፣ አዳራሹ ለእሳቸው መድን እንዲገባ የሚያስገድድ አጠቃላይ ሕግ የለም። የ1957ቱ ሕግ ባለይዞታው ለእንግዶቹ ደኅንነት እንዲጠነቀቅ ስለሚያዝ አዛውንቷ መክሰስ ይችላሉ። ካሳው ከየት እንደሚከፈል ግን ሕጉ ዝም ይላል። የመዝናኛ ቤቶች መድን ዋና ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የመዝናኛ ቤት ባለቤት ወደ መድን ድርጅት ሲሄድ ብዙ ዓይነት ሽፋን ይቀርብለታል። ሕንፃውና ዕቃው ቢቃጠል፣ የዕለቱ ገቢ ቢዘረፍ፣ ወይም ቤቱ በአደጋ ተዘግቶ ሥራው ቢቋረጥ የሚክሱት ውሎች ሁሉ የሚጠብቁት የእሱን ኪስ ነው። ከደጅ ለሚገባው ሰው የሚቆመው፣ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው የኃላፊነት መድን ነው። ይህን በፈቃዳቸው የሚገዙ አዳራሾች አሉ፤ አከራዩ ወይም አበዳሪው ባንክ የሚጠይቅበትም ጊዜ አለ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ወጪ ቆጣቢው እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው የራስን ንብረት ወደማይመልሰው ውል ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በዌስት ዋርዊክ ከተማ የነበረው ዘ ስቴሽን የተባለ የምሽት ክበብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት፣ ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለው። ቤቱ በደቂቃዎች ውስጥ በጥቁር ጭስ ተሞላ፤ 100 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ባለቤቶቹ በሕግ የግድ የሆነውን የሠራተኞች መድን እንኳ አልገቡም ነበርና ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጡ። በእነሱ በኩል ለተጎጂዎች ከመድን የተገኘው 813,000 ዶላር ነው፤ ለሟቾች ቤተሰቦችና ለቁስለኞች እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 3,000 ዶላር አይሞላም። ባለቤቶቹም በኪሳራ ሕግ ተጠለሉ። ጠቅላላው ካሳ 176 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደረሰው፣ የስፖንጅ አምራች ኩባንያ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከተማውና ግዛቱ ሳይቀሩ ተከሰው ስለከፈሉ ነው። እንዲህ ያሉ አቅም ያላቸው ተከሳሾች በሌሉበት ቦታ ያው እሳት ቢነሣ ኖሮ፣ ተጎጂዎቹ የፍርድ ወረቀት ይዘው ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር።

መድኑ ግዴታ ይሁን ሲባል ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ወጪው ትንንሽ ቤቶችን ከሥራ ያስወጣል የሚል ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም መድን ስላልተገባ ወጪው አይጠፋም፤ ከአዳራሹ ወደ ተጎጂው ቤት ይዛወራል። በዚያ ላይ አረቦኑ በቤቱ ስፋትና በሥራው አደገኛነት ልክ ስለሚተመን፣ 60 ወንበር ያለው ቤት የ1,000 ወንበሩን ያህል አይከፍልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ መድን ያለው ባለቤት ይዘናጋል ይላል። መድን ሰጪው ምንም ሳይጠይቅ የሚከፍል ቢሆን እውነት ነበር። ውሉ ግን ግዴታ ይዞ ይመጣል፦ የአደጋ ጊዜ መውጫው እንዳይቆለፍ፣ እሳት ማጥፊያው በየጊዜው እንዲመረመር፣ ወለሉ መቼ እንደተጠረገ በመዝገብ እንዲያዝ። አደጋ የደጋገመበት ቤት አረቦኑ ይጨምርበታል፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳትም አይሸፈንም። እርግጥ መድን ሰጪ የመንግሥትን ተቆጣጣሪ አይተካም፤ እሱም ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም የዌስት ዋርዊክ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ዘ ስቴሽንን መርምሮ ስፖንጁን በጉድለትነት ሳይመዘግብ ማለፉ፣ ሌላ ጠያቂ እንደሚያስፈልግ ይመሰክራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ብሪታንያ መኪና ነጂዎች የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በኢትዮጵያም ባለመኪና ሁሉ ግዴታውን ያውቀዋል፤ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተደንግጓል። የሕጎቹ መነሻ፣ ሌላውን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ሥራ የያዘ ሁሉ የካሳውን ምንጭ አስቀድሞ ያዘጋጅ የሚል ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሰብስቦ የሚያተርፍ ቤት ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥም ሲታደስም የእንግዶች መድን ይጠየቅ፤ ዝቅተኛው ሽፋን አዳራሹ በሚይዘው ሰው ብዛት ይወሰን፤ ምስክር ወረቀቱም መግቢያው ላይ ይለጠፍ። ሕግ ለሠራተኛዋ የሰጠውን ጥበቃ፣ ከፍላ የገባችው ተጫዋችም ልታገኘው ይገባል።