ብራውዘሩ የሰርቨሩን ፋንክሽን በስሙ ይጠራል?

ፒኤችፒ ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጊዜ የሚሞክራት ነገር አለች። «ሰርዝ» የሚለው በተን ሲጫን መረጃውን ከዳታቤዝ የሚያጠፋው ፋንክሽን እንዲሠራ ፈልጎ፣ የፒኤችፒውን ፋንክሽን በተኑ ኦንክሊክ ውስጥ ይከተዋል። ገጹን ሲከፍት በተኑን ገና ሳይነካው መረጃው ጠፍቷል። ቆይቶ ቢጫነው ደግሞ ምንም አይፈጠርም።

ከዚህ ስህተት ጀርባ ያለው ተረት «ጃቫስክሪፕቱና ፒኤችፒው አንድ ፋይል ውስጥ ስለተጻፉ ይተዋወቃሉ» የሚል ነው። አይተዋወቁም። ፒኤችፒው የሚሠራው ገጹ ሰርቨሩ ላይ ሲዘጋጅ ነው፤ ብራውዘሩ ዘንድ የሚደርሰው ውጤቱ እንጂ ፋንክሽኑ አይደለም። «ጠራሁት» የምንለው እንግዲህ ደብዳቤ መላክ ነው። ጃቫስክሪፕቱ በኤችቲቲፒ ጥያቄ ይልካል፤ የትኛው ፋንክሽን እንደሚሠራ የሚወስነው ተቀባዩ ሰርቨር ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በጄሰን ተጽፎ ይመጣል።

ጃቫስክሪፕቱ እንዲህ ጥያቄ የሚልክበትን ዘዴ፣ አጃክስን፣ እንደ ቋንቋ የሚቆጥሩም አሉ። አጃክስ ግን ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዘዴው ያወጣለት ስም ነው። ዘዴው ራሱ ይቀድማል፤ ማይክሮሶፍት ለአውትሉክ የድረ ገጽ ኢሜይል ሲል የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ወጥቷል።

«መልሱን በሚቀጥለው መስመር ላይ አገኘዋለሁ» የሚለው እምነት ግን ብዙ ሥራ ያበላሻል። አዲስ አበባ ያለ ተጠቃሚ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር የአየር ርቀቱ ብቻ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ ኬብሉ ስለሚዞር ደግሞ ይብሳል። ጃቫስክሪፕት ይህን ያህል ቆሞ አይጠብቅም፤ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ስለዚህ ነው መልሱን የሚያስጠብቀው አዌይት የሚለው ቃል የሚጻፈው።

ከመዘግየቱ ይልቅ አስቸጋሪው የመልሱ መጥፋት ነው። ለምሳሌ የክፍያ ጥያቄ ተልኮ ኔትወርክ ሲቆረጥ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ ይቅር ወይም ክፍያው ተፈጽሞ ማረጋገጫው ብቻ ይጥፋ፣ ብራውዘሩ መለየት አይችልም። ደንበኛው በተኑን ደግሞ ይጫናል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይፈጽም ማድረግ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉም አደገኛው ተረት «ይህን ፋንክሽን የሚጠራው የእኔ ገጽ ብቻ ነው» የሚለው ነው። የጉግል አፕስ ስክሪፕትን እንይ። ጉግል ስክሪፕት ራን በተባለው መንገድ የሰርቨሩን ፋንክሽን በስሙ መጥራት ይቻላል፤ በእርግጥም ከጎኑ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ በአንደርስኮር የማያልቅ ፋንክሽን ሁሉ ከገጹ ሊጠራ ይችላል፤ ገጹ ላይ በተን ያልተሠራለት ጭምር። የሪአክት ሰርቨር ፋንክሽኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ውስጥ ውስጡን በኤችቲቲፒ ይጠራሉ፤ የሚመጣላቸውን መረጃ ማመን አይገባም። «አጥፋ» የሚለውን በተን ከተራ ተጠቃሚ መደበቅ የገጹን መልክ ያሳምራል እንጂ ትእዛዙን አይከለክልም።

«ኮርስ (CORS) ይጠብቀኛል» ባዮችም አይጠፉም። ኮርስ የሚባለው ደንብ እንዲያውም የብራውዘሩን ክልከላ የሚያላላ ነው። ክልከላው ራሱ በዋናነት የሚያግደው የሌላ ድረ ገጽ ስክሪፕት መልሱን ማንበቡን ነው፤ ብዙ ቀላል ጥያቄዎች ግን ሰርቨሩ ጋ ደርሰው ይፈጸማሉ። ከብራውዘር ውጭ ጥያቄ የሚልክ እንደ ከርል ያለ ፕሮግራም ደግሞ ከነጭራሹ ስለ ኮርስ አይጨነቅም።

ራስዎ የሠሩት ሲስተም ካለ በተራ ተጠቃሚ ስም ይግቡ፣ ኤፍ12ን ተጭነው ኔትወርክ የሚለውን ይክፈቱ፣ አንዱን ጥያቄ ቀድተው የመለያ ቁጥሩን በሌላ ሰው ቁጥር ቀይረው ይላኩት። የዚያ ሰው መረጃ ከመጣልዎ መጠገን ያለበት ገጹ ሳይሆን ሰርቨሩ ነው።