የጎንደር ባጃጅ ደንብ

አዲስ አበባ ላይ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የታክሲ ዋጋ ክርክር ለብዙ ሰው ቀርቷል። በመተግበሪያ የጠራ ወይም 8294 ደውሎ የጠየቀ ሰው መኪናው ሳይደርስ ታርጋውን ያውቃል፤ ሒሳቡንም ማሽን ያሰላለታል። ጎንደር ላይ ይህን ሁሉ የሚጨርሰው አፍ ነው። ተሽከርካሪውም ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው።

በመስመር የሚሠራው ባጃጅ ብዙ አያነጋግርም። መንገደኛው እጁን ዘርግቶ የሚሄድበትን ሰፈር "ማራኪ!" ይላል፤ ሹፌሩ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ይቆማል፣ ካልሆነ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። የገባው ሰው ቀድመው የተቀመጡትን "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ይጠጋል፣ ሲደርስ "ወራጅ አለ" ይላል። መቶ ብር የያዘ ደግሞ "ዝርዝር አለህ?" ብሎ ቢጠይቅ የሚሻለው ሳይገባ ነው።

ጣጣው ያለው ኮንትራት ላይ ነው። ተሳፋሪዋ ዋጋ መጠየቁን እንደ ንፉግነት ቆጥራው "ስንት ነው?" ሳትል ትቀራለች፤ ሹፌሩም በይሉኝታ "ግቢ እመይቴ፣ እንደ ልማዱ ነው" ይላል። የእሷ ልማድ የአምናው ነው፤ የእሱ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በጥቁር ገበያ የገዛው ቤንዚን። ጎሃ ሆቴል በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም የተታለሉ ይመስላቸዋል። በእኔ ግምት ከስድብ ይልቅ ይህ ጨዋነት ብዙ ጠብ አስነሥቷል። ሹፌሩ ለዳገት ጭማሪ መጠየቁም ሁልጊዜ ስግብግብነት አይደለም፤ 200 ሲሲ ገደማ የሆነ ሞተር ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ ወደ ቁስቋም ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው።

ሹፌሮቹም ጥፋት አያጡም። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው የተሠራ ሆኖ ሳለ አራተኛውን ከጎናቸው በግማሽ መቀመጫ ያንጠለጥሉታል፤ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ "አንዴ ውረድልኝ፣ ወደፊት ጠብቀኝ" ይሉታል። ሰውየውም ምንም ሳያጉረመርም ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወርዱበት ቀንማ ስለ ታሪፍ የሚያነሣ ሰው ይሳቅበታል።

ሲመሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሴቶች መንገድ ላይ ያገኙትን ከመያዝ ይልቅ ለለመዱት ሹፌር ይደውላሉ። እሱ ካልተመቸው የሚያምነውን ባልደረባውን ይልካል፤ የባጃጁን የጎን ቁጥርም ቀድሞ ይነግራቸዋል።