ሜሞሪ ሲሞላ ኮምፒዩተር ማንን ያስቀድማል?

አንድ ባለሙያ በአንድ ወገን ሪፖርት እየጻፈ፣ በሌላ ወገን ሰንጠረዥና በርካታ የኢንተርኔት ገጾች ከፍቶ በመሥራት ላይ ሳለ ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍ፣ አልፎም አንዱ ፕሮግራም በድንገት ሲዘጋ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቫይረስ ነው። ይሁንና ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከሚጠቀሱት ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ ሜሞሪ የሚባለው ክፍል መሙላት ነው።

ሜሞሪ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችና መረጃዎች ለጊዜው የሚያርፉበት ክፍል በመሆኑ ከቢሮ ጠረጴዛ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ መረጃዎች በቋሚነት የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ነው። ከጠረጴዛው ላይ ለየትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ የሚደለድለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተሰኘው መሪ ሶፍትዌር ነው።

ቦታ ሲጠብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሚወስዳቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ለጊዜው የማይፈለጉ መረጃዎችን ወደ ዲስክ ማዛወር ነው። መረጃን በሜሞሪና በሌላ ማከማቻ መካከል የማመላለሱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረው አትላስ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ተግባራዊ የሆነ ሲሆን፣ ዛሬም በስፋት ይሠራበታል። ዲስክ ከሜሞሪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ግን እጥረቱ ሲበረታ ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ በማመላለስ ያጠፋል። መዝገብ ሲያወጣና ሲመልስ የሚውል ሠራተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ እንደማያገኝ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም ዋናውን ሥራ ማከናወን ይሳነዋል።

ይህም ካልበቃ የሚወሰደው እርምጃ እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይለያያል። ዊንዶውስ ሜሞሪውና በዲስክ ላይ የተመደበው ተጨማሪ ቦታ ተደምረው ከሚሸፍኑት በላይ አይፈቅድም። ገደቡ ላይ ሲደረስ አዲስ ቦታ የጠየቀውን ፕሮግራም ጥያቄ ውድቅ ያደርጋል።

በአንጻሩ ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ ፕሮግራሞች የጠየቁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠቀሙበትም ከሚል ግምት በመነሳት በእጁ ካለው በላይ ሊፈቅድ ይችላል። ግምቱ ሳይሠራ ቀርቶ ሜሞሪው ሲያልቅ ለፕሮግራሞቹ ነጥብ ይሰጥና ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን በግዴታ ያስቆማል። ነጥቡ በዋናነት የሚሰላው በተያዘው የሜሞሪ መጠን በመሆኑ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና የመረጃ ቋት ብዙ ቦታ በመያዙ ብቻ ቀዳሚው ተሰናባች ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የሲስተም ባለሙያው ከኔጋቲቭ 1000 እስከ 1000 የሚደርስ ማስተካከያ አስቀድሞ መስጠት የሚችል ሲሆን፣ ኔጋቲቭ 1000 የተሰጠው ፕሮግራም ከምርጫው ውጪ ይሆናል።

ቅደም ተከተልን አስቀድሞ የመወሰን ጠቀሜታ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ለማረፍ በምትወርድበት ወቅት ነበር። ከአንድ ራዳር የሚመጣ አላስፈላጊ ምልክት የኮምፒዩተሩን ጊዜ በመሻማቱ ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ተጠራቀሙ፤ ለአዲስ ሥራ የሚሆን የሜሞሪ ቦታም ጠፋ። 1202 እና 1201 የተሰኙት የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች የታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሶፍትዌሩ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ ሥራ ደረጃ ተሰጥቶት ስለነበር፣ ኮምፒዩተሩ ራሱን እንደገና አስጀምሮ አነስተኛ ጠቀሜታ ያላቸውን በመተው መንኮራኩሯን የመምራቱን ሥራ ቀጠለ፤ ጠፈርተኞቹም በሰላም አረፉ።

እንደገና ማስጀመር ግን ለሁሉም ችግር መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ የነበረችው ስፒሪት የተሰኘች ተሽከርካሪ በማከማቻዋ ውስጥ የፋይሎች ቁጥር በመብዛቱ የፋይሎቹን ዝርዝር ለመያዝ የሚያስፈልገው ሜሞሪ አልበቃ አላት። ኮምፒዩተሯ በተነሳ ቁጥር ያንኑ ዝርዝር ለመጫን ስለሚሞክር ደጋግሞ ይጠፋና ይነሳ ነበር። ችግሩ የተፈታው መሐንዲሶች ማከማቻውን ሳትጠቀም እንድትነሳ በማዘዝና በኋላም ፋይሎቹን በማስወገድ ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ለቢሮ ሥራ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ገና ያልተቀመጠ ጽሑፍ ያለው በሜሞሪ ላይ በመሆኑ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለሆነም ጽሑፍን በየጊዜው ማስቀመጥ፣ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞችን መዝጋት፣ ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍም የኤሌክትሪክ ገመድ ከመንቀል ይልቅ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮግራም ለይቶ ማቆም ይመረጣል። ሰርቨር የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችም እጥረት ሲፈጠር የትኛው አገልግሎት መቀጠል፣ የትኛው መቆም እንዳለበት አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። ኃላፊዎች ይህን ካልወሰኑ ውሳኔው የሥራውን ክብደት ሳይሆን የሜሞሪውን መጠን ለሚቆጥረው ማሽን መተዉ አይቀርም።