ከምርጫ ጣቢያ እስከ ቤተ መንግሥት

ጋምቢያዊ መራጭ ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ እስክሪብቶ አያስፈልገውም። አንዲት ብይ ይሰጡታል። ከመጋረጃው ጀርባ በየፓርቲው ቀለም የተቀቡ፣ የዕጩዎች ፎቶ የተለጠፈባቸው በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ብይዋን በመረጠው በርሜል ቀዳዳ ይጨምራታል። ውስጥ ያለው ደወል ሲያቃጭል አስፈጻሚዎቹ ውጭ ሆነው ይሰማሉ። ሁለት ጊዜ ካቃጨለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜን ከ22 ዓመት ሥልጣን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 የጣሏቸው እነዚህ ብዮች ናቸው፤ ወንበሩን የለቀቁት ግን የጎረቤት አገሮች ጦር ድንበር ከተሻገረ በኋላ ነው።

በጋምቢያ ብዙ ብይ ያገኘ ያሸንፋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በብዙ አገር ግን በመራጩና በመሪው መካከል ሌላ እጅ ይገባል። አገሮችን ሳነጻጽር መጀመሪያ የምጠይቀው የዚያን እጅ ባለቤት ነው።

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙት 538 ወኪል መራጮች ናቸው፤ ለማሸነፍ 270 ይበቃል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየግዛቱ የበለጠ ሁሉንም ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው የተሸነፉት በዚህ ስሌት ነው። ውጤቷ አስቀድሞ በሚታወቀው በሜሪላንድ የሚኖረውን ወገናችንን ዕጩዎቹ ዞር ብለው ሳያዩት፣ ፔንስልቬንያ ያለው ዘመዱ በስልክና በፖስታ የሚጨናነቀውም ለዚሁ ነው።

በብሪታንያ እጁ የፓርቲ ነው። በ2022 ሊዝ ትረስን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ያበቋቸው 81,000 ያህል የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ በሥልጣን የቆዩት 49 ቀን ብቻ ነው። ጀርመኖች ለእንዲህ ዓይነቱ መንገጫገጭ መላ አበጅተዋል። ምክር ቤቱ ቻንስለሩን በአለመተማመን ድምፅ የሚያወርደው ተተኪውን አብሮ ከመረጠ ብቻ ነው። በ1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ሄልሙት ኮል የተተኩት እንዲህ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት የሰባቱ ኤምሬቶች ገዥዎች ናቸው።

እስራኤል መካከል የገባውን እጅ ለማውጣት ሞክራ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ መረጠ። መራጩ ሁለት ካርድ ሲያገኝ አንዱን ለመሪው፣ ሌላውን ለሚቀርበው ትንሽ ፓርቲ ሰጠ፤ ፓርላማው ክኔሴት ተበጣጠሰ፣ መንግሥት መመሥረቱም የባሰ ከበደ። ከ2001 ምርጫ በኋላ ሕጉ ቀረ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ያለው የናይጄሪያ መንገድ ይመስለኛል። ከቢያፍራ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተጻፈው ሕገ መንግሥት ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻውን አይበቃም አለ፤ አሸናፊው ከግዛቶቹ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው 25 በመቶ ማግኘት አለበት። በ1979 ግዛቶቹ 19 ነበሩ። የ19 ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው? 12 ነው ወይስ 13? ብዙ ድምፅ ያገኙት ሼሁ ሻጋሪ በ12ቱ አሟልተው በ13ኛዋ በካኖ ጎደላቸው፤ ተፎካካሪያቸው ኦባፌሚ አዎሎዎ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሻጋሪ ፈረደ። ኬንያም ከ2007ቱ የምርጫ ደም መፋሰስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ ደንብ አላት፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ ደግሞ 25 በመቶ። ደንቡ የጎሳ ፖለቲካን አላጠፋም። ሆኖም ዕጩው ከመንደሩ ውጭ ወጥቶ ድምፅ እንዲለምን ያስገድደዋል፤ ይህን ያህል መሥራቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት መንገዱ ፓርላማዊ ነው። በአንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ከጠየቁ በኋላ ግን፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የአገሩ ጆሮ ያረፈው 180 አባላት በነበሩት የያኔው ገዥ ግንባር የኢሕአዴግ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነበር፤ ፓርላማው ያጸደቀው እዚያ የተወሰነውን ነው። አብዛኛው ሥራው ሥነ ሥርዓታዊ የሆነው ርዕሰ ብሔር ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ መመረጥ አይችልም። አገር ለሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ገደብ አላበጀለትም።